የመቋሚያው ጫማ

ይህ ነገር የደረሰብኝ የዛሬ ሦስት ዓመት በጥቅምት ወር ነው። እኔ ብዙ ነገር የምረሳ ሰው ነኝ። ቁልፍ እረሳለሁ፣ የጣድኩትን ወጥ እረሳለሁ፣ የተጠራሁበትን ሰርግ እንኳ ረስቼ አውቃለሁ። ይህን ግን እስካሁን አልረሳሁትም። በእጄ የሠራሁትን በአፌ ያፈረስኩት ያን ጊዜ ስለሆነ ይመስለኛል።

ሥራዬ ጎማ ማብሰል ነው። እንዲህ ስል ሰው ይስቃል፤ ግን ሌላ ስም የለውም። ጥሬው ጎማ እንደ ሊጥ ለስላሳ ሆኖ ነው የሚመጣው። ቆርጬ፣ መዝኜ፣ ሞልድ የሚባል የጋለ የብረት ቅርጽ ማውጫ ውስጥ አስገብቼ፣ በፕሬስ ተጭኜው እጠብቃለሁ። ቶሎ ካወጣሁት ውስጡ ጥሬ ይሆናል፤ ከረሳሁት ይደርቅና ይሰነጠቃል። በልኩ ሲበስል ግን እንደፈለጉ ቢጎትቱት ተመልሶ ቦታው ይገባል። ቁልፍ የምረሳው ሰውዬ፣ ይቅርታ፣ ሴትዮ፣ ፕሬስ ላይ ያለ ጎማ ረስቼ አላውቅም።

ሙያውን የተማርኩት ኮምቦልቻ አንድ ፋብሪካ ውስጥ ዘጠኝ ዓመት ሠርቼ ነው። እናቴ ስታርፍ አባቴ ብቻቸውን ቀሩ። ጓዜን ጠቅልዬ ላሊበላ ገባሁና ከገበያው በታች አንዲት ክፍል ተከራየሁ። ፕሬሴ በከባድ መኪና ክሪክ የሚጫን ትንሽ ነገር ነው። ሞልዱን ወልድያ ያለ የቶርኖ ባለሙያ ይቆርጥልኛል። ለባጃጅ ጎሚኒ የሚሉትን የጎማ ማስገቢያ፣ ለውኃ ፓምፕ ማሸጊያ፣ ለሆቴሎቹ የቡና ማሽን የሲሊኮን ቀለበት እሠራለሁ። ከኩልመስክ ድረስ የተበላሸ ፓምፕ በአህያ ጭኖ የመጣ ገበሬ አለ። እንጀራዬ ከዚህ ነው።

አባቴ መሪጌታ ይኄይስ ይባላሉ። ዕድሜያቸውን በሙሉ አቋቋም ሲያስተምሩ የኖሩ ሰው ናቸው። አቋቋም ማለት ሊቃውንቱ ከበሮና ጸናጽል ይዘው፣ በመቋሚያቸው እየዘመሙ ማኅሌት የሚቆሙበት ትምህርት ነው። ወንድም የለኝም። ሴት ልጅ ደግሞ መቋሚያ ይዛ ማኅሌት አትቆምም። ስለዚህ የአባቴ ሙያ ለተማሪዎቻቸው ሄደ። ለእኔ የደረሰኝ ደጅ ላይ ቆሞ መጠበቅ ነበር።

ልጅ ሳለሁ እናቴ መልእክት ስትልከኝ አባቴ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ መኖር አለመኖራቸውን ሰው አልጠይቅም ነበር። በሩ ላይ ከተደረደረው ጫማ መካከል የሳቸውን ኮንጎ ጫማ እፈልጋለሁ። የግራው ተረከዝ ሁልጊዜ ቀድሞ ስለሚያልቅ አይጠፋኝም። ጫማው ካለ አባባ ውስጥ ናቸው። ከሌለ ወጥተዋል። ጫማቸውን ያገኘሁ ዕለት አጠገቡ ቁጭ ብዬ የማኅሌቱን ድምፅ ስሰማ ደስ ይለኝ ነበር።

እንግዲህ በዚያ ዓመት ክረምት አባባ ሁለት ጊዜ አዳለጣቸው። አንዱን ራሳቸው ነገሩኝ፤ ሁለተኛውን ክርናቸው ላይ ያየሁት ቁስል ነገረኝ። የመቋሚያቸው ጫፍ የብረት ቀለበት ነበረው። ብረቱ አልቆ ስለለሰለሰ የቤተ ክርስቲያኑ ዓለት ላይ አልይዝ እያለ ነው የሚሄደው። ያ መቋሚያ ከአስተማሪያቸው የወረሱት ስለሆነ ይለወጥ ብዬ አፌን አልከፍትም። ስለዚህ አንድ ቀን ከምሳ በኋላ ሸለብ ሲያደርጋቸው ጫፉን በክር ለክቼ ወጣሁ።

ሞልዱን ወልድያ አስቆረጥኩ። የመጀመሪያው ሰፋ። ሁለተኛው ደረቀ። ሦስተኛው በእጅ ጫን ተደርጎ የሚገባና በእጅ ጠምዘዝ ሲያደርጉት ብቻ የሚወጣ ሆነ። ከሥሩ እንደ መኪና ጎማ መስመር አወጣሁለት። ከዚያው ጎማ ሦስት አበሰልኩ፤ ሁለቱን ለመጠባበቂያ አስቀመጥኩ። እውነቱን ልናገር፣ ከደኅንነታቸው ሌላም ነገር በልቤ ነበር። እኔ የማልቆምበት ቦታ የእጄ ሥራ ይቆማል ብዬ ነበር።

በወረቀት ጠቅልዬ ሰጠኋቸው።

«አባባ፣ ለመቋሚያዎ ጫማ ሠራሁለት» አልኩ።

«ጫማ? ለእንጨት?»

«አዎ። እሱም እንደ እርስዎ አርጅቷል፤ ያዳልጠዋል።»

አሸተቱት። «አብስለሽው ነው?»

«አብስዬው ነው።»

«እንግዲያስ አርሮብሻል» አሉና ሳቁ። ወዲያው ግን በራሳቸው እጅ አስገቡትና ግቢው ውስጥ ዞር ዞር አሉበት። አልተንሸራተተም። እኔ በኩራት ሰፈሩን አዳረስኩት። የመሪጌታ መቋሚያ ጫማ አደረገ እያልኩ ለጎረቤት አወራሁ፣ ለደንበኛ አወራሁ። ቃሉ ጣመኝ።

ወር ያህል በሰላም አለፈ። የጥቅምት መድኃኔዓለም ዋዜማ ዕለት ከሰዓት በኋላ ሥራ ላይ ሳለሁ አንድ ጎረቤታችን የሆኑ ቄስ ደወሉልኝ። «ልጄ፣ ቶሎ ነይ፤ አባትሽ ወድቀዋል» አሉኝ። ያን ጊዜ ለመጀመሪያም ለመጨረሻም ጊዜ ፕሬስ ላይ ያለ ጎማ ትቼ ሮጥኩ።

ስደርስ በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውስጥ ጋቢ ላይ አስተኝተዋቸዋል። ፊታቸው አመድ መስሏል፤ ግን አይጮኹም። ከበሩ ወዲያ ወደ ውስጥ የሚወርዱ ሁለት ደረጃዎች አሉ። ከዓለቱ ጋር አብረው የተፈለፈሉ ናቸው፤ ስንት ዘመን ሰው እየረገጣቸው እንደ ተላሰ ሰሃን ሆነዋል። እዚያ ላይ ነው የወደቁት። ከከበቧቸው ሰዎች አንዱ «መቋሚያው አዳለጣቸው» ሲል ሰማሁ። ሐሳቤ ወደ ጎማው ሄደ።

ወልድያ ወስደን አሳከምናቸው። ዳሌያቸው ተሰንጥቋል፤ በዕድሜያቸው ምክንያት መዳኑ ጊዜ ይወስዳል ተባለ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ይዘናቸው ስንመለስ መቋሚያውን ሰው ቤት አድርሶት ግድግዳው ጥግ ቆሟል። ጫፉን አየሁት። ባዶ ነው። ጎማው የለም።

እንግዲህ ምን ልበል? የሠራሁት ነገር አባቴ ደረጃው ላይ ሲደገፉበት ወልቆ ጣላቸው ብዬ አመንኩ። ሌላ ምን ይታመናል? ባልሠራላቸው ኖሮ በለመዱት ብረት ተጠንቅቀው ይወርዱ ነበር፤ እኔ ነኝ ያዘናጋኋቸው አልኩ። ለሰው አልተናገርኩም። እሳቸውንም አልጠየቅሁም። እሳቸውም ስለ ጎማው አንድ ቀን አላነሱብኝም። ዝምታቸውን ይቅርታ ነው ብዬ ተረጎምኩት፤ ይቅርታው ደግሞ ከቁጣ ይልቅ አቃጠለኝ።

የቀሩትን ሁለቱን ጎማዎች አውጥቼ መመርመር ጀመርኩ። አንዱን ቀቀልኩት። ፀሐይ ላይ አሰጣሁት። መጥረጊያ እንጨት ላይ አስገብቼ ድንጋይ አንጠለጠልኩበት። ሁለተኛውን በምላጭ ሰንጥቄ ልቡ ጥሬ ይሆን ብዬ አየሁ። በስሏል። እንጨቱ ላይ ያለውም አልወልቅ አለ። ታዲያ ያኛው ለምን ወለቀ? በዚያ ሰሞን አንድ የፍላቂት ሹፌር ያዘዘኝን ጎሚኒ እንኳ ሌላ ቦታ አሠራ ብዬ መለስኩት። አንድ ነገር ሠርቼ ሰው እጅ ላይ መስጠት ፈራሁ።

አባባ አልጋቸውን ወደ መስኮቱ አዙሩልኝ አሉ። ከዚያ ሆነው የደወሉ ድምፅ ይሰማቸዋል፤ ነፋሱ ሲመቸው ከበሮውም ይሰማል። በዓል በሆነ ቁጥር ዓይናቸውን ጨፍነው ቀኝ እጃቸውን ብርድ ልብሱ ላይ ከፍ ዝቅ ያደርጋሉ። መቋሚያ የያዘ ሰው እጅ ነው። ሲጨርሱ ዓይናቸውን ይከፍቱና ጣሪያውን ያያሉ።

«አንድ ጊዜ ብቻ ቆሜ ብመጣ» ይላሉ። «አንድ ጊዜ ብቻ። ከዚያ ወዲያ እንዳሻው።»

እኔ ይህን ስሰማ ወጥቼ ጓሮ እቆማለሁ።

ከወደቁ ስድስት ሳምንት ያህል ሲሆን አያ ሞላ ሊጠይቃቸው መጣ። አያ ሞላ በቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ የምእመኑንና የእንግዳውን ጫማ የሚጠብቅ ሽማግሌ ነው። ወንድሙ ታሞበት ላይ ታች ሲል ስለከረመ ቀድሞ አልመጣም። በእጁ ፌስታል ይዟል።

«የመሪጌታ ጫማ እኔ ዘንድ ቀርቶ ነበር» አለኝ። «ያን ቀን በሸክም ሲወጡ ጫማ ማን ያስታውሳል?»

ፌስታሉን ተቀበልኩ። ኮንጎ ጫማቸው ነው፤ የግራው ተረከዝ አልቋል። ሳወጣው ከግራው ጫማ ውስጥ አንድ ጥቁር ነገር ወደቀና መሬቱ ላይ ነጠረ። አነሳሁት። ከሥሩ መስመር አለው። የእኔ ጎማ ነው።

«ይሄ ምን ሊሠራ እዚህ ገባ?» አልኩት።

አያ ሞላን ገረመው። «የመቋሚያው ጫማ ነዋ! እንዴ፣ አንች ሠርተሽ አንች ትጠይቂኛለሽ? የሳቸውን ሲያወልቁ የሱንም ጠምዘዝ አርገው አውልቀው እዚያው ውስጥ ይከታሉ። የመሪጌታ ጫማ ሦስት ነው እያልን እንስቅ አልነበረም?»

መጀመሪያ የተሰማኝን ልናገር፤ አሳፋሪ ነው። ደስ አለኝ። ጎማዬ አልወለቀም! እዚያ ደረጃ ላይ አልነበረም! ስድስት ሳምንት ደረቴ ላይ የተቀመጠ ድንጋይ ተነሳልኝ። ደስታው ግን ከደጃፉ እስከ አባባ አልጋ እንኳ አላደረሰኝም።

ጎማውን መዳፌ ላይ አድርጌ ፊታቸው ቆምኩ። «አባባ፣ ይህን ለምን አወለቁት? ድምፁን አፈነብዎ?»

«ምን ድምፅ አለው? ምንጣፍ ላይ አይደል የምንቆመው።»

«አስቀያሚ ሆኖብዎ ነው?»

«ኧረ መልካም ነው።»

«ታዲያ ለምን?»

ጥያቄዬ አልገባቸውም። ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች የሚሉኝ ጊዜ እንደሚያዩኝ አዩኝ። «ጫማ ነው ብለሽ የሰጠሽኝ አንች አይደለሽ? ጫማ ተጫምቶ ቤተ መቅደስ ማን ይገባል? ለእኔ ያልተፈቀደ ለእንጨቴ ይፈቀድ?»

«የሚያዳልጠው እኮ እዚያ ውስጥ ነው!» ጮህኩ። በአባቴ ላይ ጮኼ አላውቅም።

«እሱንማ አውቃለሁ።»

«ካወቁ ለምን አልነገሩኝም?»

«ልፋትሽን ማቃለል ሁኖ እንዳይሰማሽ ብዬ። ደግሞ እስከ ደጅ ድረስ በደንብ ያገለግል ነበር፤ ሐሰት አይነገርም። ከደጅ ወዲያ ደግሞ ጫማውን ጫማ አይደለም ብዬ ልግባ? እግዜርን ላታልል?»

አልጋው ጠርዝ ላይ ቁጭ አልኩ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል። ሞልዱን ሦስት ጊዜ ለክቼ አስቆርጬ፣ ጎማውን በደቂቃ ቆጥሬ አብስዬ፣ ቃሉን ግን ሳልለካ ነው የወረወርኩት። እሳቸው ደግሞ በቃል የሚኖሩ ሰው ናቸው። አንዲት የዜማ ምልክት ከቦታዋ ብትንቀሳቀስ ተማሪ ከመጀመሪያው የሚያስጀምሩ ሰው ናቸው። «ጫማ» ካልኳቸው ጫማ ነው። ሰፈሩን ሁሉ ያዳረስኩበት ቃል በየቀኑ ደጃፉ ላይ ጎማውን ሲያስወልቃቸው ከርሟል።

ከዚያ በኋላ ምን እንዳሰብኩ አላውቅም፤ አፌ ብቻውን ተናገረ።

«አባባ፣ ተሳስቼ ነው። ጫማ አይደለም። እግር ነው።»

«እግር?»

«እግር። መቋሚያው እግሩ አልቆ ነበር፤ እግር ነው የሠራሁለት።»

ቀልድ አልመሰላቸውም። ተማሪ ከባድ ጥያቄ ይዞ ሲመጣ እንደሚያደርጉት ጢማቸውን ይዘው አሰቡ። ጎማውን ከእጄ ወሰዱ፤ አገላብጠው አዩት። እኔ ፍርድ እንደሚጠብቅ ሰው ቆምኩ።

«እግርስ ይገባል» አሉ በመጨረሻ። «እግር ባይገባ ማን ይገባ ነበር?»

ከዚያ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። «ምነው ቀድመሽ ብትይኝ» አሉ።

ቁጣ አልነበረበትም። አንድ ዕቃ ገበያ ረስተው እንደመጡ ዓይነት ነው የተናገሩት። እኔ ግን እስከ ዛሬ ይህችን ንግግር ሳስታውስ በያዝኩት ሥራ ላይ እጄ ይቆማል።

በማግስቱ ሥራ ገባሁ። ያንን አሮጌውን መልሼ አላደርግላቸውም፤ ጫማ ሆኖ ኖሯልና። አዲስ ሞልድ ወልድያ አዘዝኩ። አባባ አልጋቸው ላይ ሆነው ያዝዙኛል። «እግር ካልሽ አምስት ጣት ይኑረው እንግዲህ» ብለው አሾፉብኝ። የቶርኖው ሰውዬ ስልክ ላይ ሦስት ጊዜ ደግሜ ካስረዳሁት በኋላ «እህቴ፣ አሞሻል?» አለኝ። ቢሆንም በሞረድ አምስት ትንንሽ ጉድጓዶች አወጣልኝ። ጎማው በስሎ ሲወጣ ከፊቱ አምስት ጣት ነበረው። አባባ ሲያዩት እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። ከወደቁ ጀምሮ እንደዚያ ሲስቁ አላየሁም።

መቋሚያው ላይ አስገብቼ ከራስጌያቸው አቆምኩት። «ለገና እቆምበታለሁ» አሉ። በየቀኑ ጠዋት ደግፌ አስነሳቸዋለሁ። ከአልጋው እስከ በሩ ሰባት እርምጃ ነው። መጀመሪያ ሁለት ሄዱ፤ ቀጥሎ አራት። አንድ ቀን ሰባቱንም ሄደው የበሩን መቃን ነካ አደረጉና «ደረስን» አሉኝ። መቋሚያው አንዴም አላዳለጠም።

ለገና አልሆነም። ብርድ መታቸውና ሳል ጀመራቸው። የገና ዕለት ምእመኑ ከየአገሩ ከተማውን ሞልቶት፣ የገናው ዝማሬ ቤዛ ኩሉ ሲባል ድምፁ መስኮታችን ድረስ ይመጣ ነበር። አባባ እጃቸው ብርድ ልብሱ ላይ ይዘምማል። እኔ መቋሚያውን አምጥቼ አስያዝኳቸው። ተኝተው እንደያዙት ዋሉ። ለጥምቀትም አልሆነም። «ለፋሲካ» አሉ። በጾሙ እኩሌታ ዐረፉ።

መቋሚያውን ለቀድሞ ተማሪያቸው ሰጠሁት፤ ዛሬ እሱም መሪጌታ ነው። ሲቀበለኝ ጎማውን ዳሰሰና «ይህን ስገባ ላውልቀው?» ብሎ ጠየቀኝ።

«እግር አይወለቅም» አልኩት። ገባው መሰለኝ፤ አንገቱን ደፋ አድርጎ ሄደ።

ከዚያ ወዲህ ሌሎች ሽማግሌዎችም እያዩ ያሠሩኛል። «እግር አለሽ?» ብለው ይገባሉ፤ ከፍላቂት መልእክት የሚልኩም አሉ። አንዳንዱ ተሳስቶ «የመቋሚያ ጫማ» ካለኝ ሳላርመው አልሸጥለትም። «ጫማ የለኝም፤ እግር ነው የምሸጠው፤ እግር በሉ» እላለሁ። ነገረኛ እንደሚሉኝ አውቃለሁ። ይበሉ።

ሰው ሲጠይቀኝ ጸጸት አለብሽ ወይ ይለኛል። አለብኝ። ከጸጸቱ የሚበልጠው ግን ናፍቆቱ ነው። ያን ጫማና ያን የመጀመሪያውን ጎማ አልጣልኳቸውም፤ ቤት ናቸው። ቤት መሆናቸው ነው የሚያስቸግረኝ። ቤተ ክርስቲያን ስሄድ ጫማዬን አውልቄ ከሌላው ጋር ሳስቀምጥ ዓይኔ ሳላዘው ይፈልጋል። የግራ ተረከዙ ያለቀ ኮንጎ ጫማ፣ ውስጡ ትንሽ ጥቁር ጎማ። ለምን እንደምፈልግ አውቃለሁ። ባገኘው አባባ ውስጥ ናቸው ማለት ነበር።